ማኅበርተኞቹ ያላዘዙት ካርድ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ላይ ባጃጅ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ከጎኔ ተቀምጠው ሲነጫነጩ ሰማሁ። የሚሰበሰብ የኳስ ተጫዋቾች ካርድ በኢንተርኔት ሊገዙ ሲሞክሩ፣ ገጹ በተከፈተ ቅጽበት አልቋል ተብለዋል። «ቦት ነዋ የሚገዛው፣ ማሽን! ሰው መቼ ይደርሳል?» አለ አንደኛው። ፈገግ ልል ፈልጌ ደከመኝ። በዚህ ዕድሜ ዳገት ብቻ አይደለም፣ አንዳንድ ትዝታም ያደክማል።

እዚሁ ደብረ ማርቆስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አንዷለም የሚባል፣ አቅራቢያችን ያለችው የአምበር ልጅ ጓደኛዬ ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ በግቢያችን በር አጠገብ እንዲህ ዓይነት ካርድ የሚሸጥባት ኪዮስክ ከፈተ። ተማሪው አበደላት። ችግሩ ዕቃው ነበር። አዲስ አበባ ያለው አስመጪ የሚሸጠው በኢንተርኔት ብቻ፣ ያውም ለአንድ ሰው ሁለት እሽግ ነው። የእኛ ኔትወርክ እስኪነቃ የሸገር ልጆች ጠራርገው ይወስዱታል። መደርደሪያው ባዶ ሆነ።

«በዚህ ዙር ካላገኘሁ ቁልፉን አስረክቤ ወደ አባቴ ሞፈር ነው የምመለስ» አለኝ። እርሻ አይወድም ነበር፤ ያቺን ኪዮስክ ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያያት።

ገጹ ሲከፈት ራሱ ስም እየሞላ የሚያዝ ፕሮግራም ጻፍኩለት። የቀረን የሰው ስምና ስልክ ነበር። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ የማርያም ማኅበር ይጠጡ ስለነበር ማኅበርተኞቹን ለመኑልን። «ከአስመጪው ሲደወል ‹አዎ፣ እኔ ነኝ ያዘዝሁ› በሉ» ቢሏቸው፣ «ለልጃችን ከሆነማ ምን ችግር አለ» ብለው ተስማሙ።

ፕሮግራሙ አላሳፈረኝም። ዓይናችንን ሳንከድን ለማኅበርተኛው ሁሉ ገዛ። አንዷለም አቅፎኝ ዘለለ። አስመጪው ለማረጋገጥ በማግስቱ ለእያንዳንዱ ገዢ እንደሚደውል አሳወቀን፤ ማግስቱ ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት ነበር። ወይዘሮ አትጠገብም ለማኅበሩ ጠርተውን ስለነበር ማልደን ወደ አምበር ሚኒባስ ተሳፈርን። ጥቅምት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ መንጣት ጀምሯል። እኛ የምናወራው ስለ ጠላው እንጂ ስለ ስልኩ አልነበረም።

ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው መሐል ቤት እንደተቀመጠ የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ማለት ነው፣ የአያ ይስማው ስልክ ጮኸ። «ካርድ ያዘዙት እርስዎ ነዎት?» የሚል ቀጭን ድምፅ ሁላችንም ሰማን። አያ ይስማው ጽዋውን አዩ፣ አንዷለምን አዩ።

«የለም ልጄ፣ እኔ ምንም አላዘዝሁ» ብለው ዘጉት። ወደ አንዷለምም ዞረው፣ «በሌላ ቀን ቢሆን ምን ገዶኝ! እመቤቴ ፊት እንዴት አድርጌ ልዋሽ?» አሉት።

ከዚያ የማኅበርተኞቹ ስልክ ተራ በተራ ጮኸ። ሁሉም «አላዘዝሁም» አሉ። አንዷለም የተሰጠውን ዳቦ እንደያዘ መሬት መሬት ያያል።

በመጨረሻ የወይዘሮ አትጠገብ ስልክ ጮኸ። እሳቸው ልጃቸውን ትክ ብለው እያዩ፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ ያዘዝሁ» አሉ። ጽዋው ሲዞር ግን ሳይቀምሱ ለሚቀጥለው አሳለፉት።

ሁለት እሽግ በአውቶቡስ መጣ። ኪዮስኳን አላዳናትም። አንዷለም አምበር ገብቶ ገበሬ ሆነ፤ ዛሬም እዚያው ነው፤ ስንገናኝ ስለ ዝናብ እንጂ ስለ ካርድ አናወራም።

አምና እናቱን ልጠይቅ ሄጄ ነበር፤ አርጅተዋል። «እማማ፣ አሁንስ ጽዋውን ይቀምሳሉ?» አልኳቸው።

«የንስሐ አባቴስ ፈትተውኛል» አሉ። «እጄ ነው እንቢ ያለኝ።»

ተማሪዎቹ ገና እየተነጫነጩ ሳለ ከባጃጁ ወረድኩ። አምበር ውስጥ ያን ቀን የዋሹት ወይዘሮ አትጠገብ ብቻ ናቸው ይባላል። እኔና አንዷለም በሁሉም ስም ዋሽተን ነበር፤ በማሽን ስለነበር ግን ማንም አልቆጠረብንም።