ድንጋይ የወረወርኩበት ጅረት

ልጆቼን ያሳደግኩት አዋሽ ዳር ነው። አዋሽ ደፍርሶ ነው የሚወርደው፤ እስከ ጉልበቱ የገባ ሰው የገዛ እግሩን አያይም። ስለዚህ ልጆቼ ውሃ ከመግባታቸው በፊት ድንጋይ ወርውረው እንዲጠብቁ አስተማርኳቸው። አዞ ካለ ይንቀሳቀሳል። ይህን የረሳ ልጅ አርጩሜ ቀምሷል። አልጸጸትም፤ ሁሉም በሕይወት አሉ።

ትልቋ ልጄ እንግሊዝ አገር ስለ ውሃ ስትማር፣ ልጠይቃት ከሰመራ ሄድኩ። አንድ ጠዋት ገጠር ወስዳ አንድ ጅረት አሳየችኝ። የአገሩ ዐለት ጠመኔ ነው፤ ዝናቡ በጠመኔው ውስጥ ተጣርቶ ይመነጫል አለችኝ።

«ጠመኔና ውሃ ሲገናኙማ ወተት ነው የሚመስለው» አልኳት። ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን፣ በሱቄ የቆርቆሮ በር ላይ በጠመኔ እየጻፍኩ ስለሆነ አውቀዋለሁ።

«እስቲ ይዩት፣ አባባ።»

አየሁት። ውሃ ያለበት አልመሰለኝም። ጠጠሩ አንድ በአንድ ይታያል፤ አረንጓዴው ሣር ከታች እንደ ተበጠረ ጸጉር ተኝቷል። ሱብሃነላህ! በዚህ ዕድሜዬ የወንዝ ወለል አይቼ አላውቅም ነበር።

ልጄ የመጣችው ዓሣ ልትቀርጽ ነው። ዓሣው የሚቀረጽበት ወቅት እያለቀ ስለነበር በዚያ ቀን ካልቀረጸችው መመረቂያዋ ለከርሞ ይተላለፋል። ካሜራዋን ውሃው ውስጥ ልታቆም ቀስ ብላ እግሯን አስገባች። ዐይኔ ወለሉን እያየ እጄ ድንጋይ አንስቶ ወረወረ።

«አባባ! ምን አደረጉ?»

«አዞ ቢኖርስ?»

«ቢኖር አይታይም ነበር? ዓሣውን እኮ አባረሩብኝ!»

ጮኻብኝ አታውቅም። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ እንባዋን ሳይ ዘጋሁት።

«አሁንስ ምን ይሻላል?»

«ዝም ብሎ መቀመጥ። እርስዎም ጭምር።»

«እኔንም ማዘዝ ጀመርሽ?»

«አዎ።»

ተቀመጥኩ። እሷም ካሜራዋን ውሃው ውስጥ አቁማ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጁን ሲያስተምር የኖረ አባት አንድ ቀን በልጁ ፊት ዝም ማለት ካልቻለ ትምህርቱ ከንቱ ነው እላለሁ። ያን ዕለት ግን ዝም ያልኩት ከጥበብ ሳይሆን ከፍርሃት ነው፤ የልጄን ድካም በአንድ ጠጠር ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር።

ብዙ ቆይቶ ነጩ ጠጠር ላይ ጥላ አየሁ። ዓሣው ከጥላው በላይ ነበር፤ ጎኑ ቀያይ ነጠብጣብ አለው። ውሃው ይሮጣል፤ እሱ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ካለበት ንቅንቅ አይልም። በምን ጉልበት? ማን አስተማረው? ትንፋሼን ያዝኩ። ካሜራው እየቀረጸ ነው።

ልጄ ክንዴን ጨበጠች። «አባባ፣ አዩት?»

«ዝም በይ» አልኳት፤ «ታስደነግጪዋለሽ።»