ለሰይድ ያጎረስኩት ሽሮ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ ሰው አስቀይሜ መጣሁ። አንዲት እንግዳ ልጅ «እንቁላል አይስማማኝም» ብላ አፏን በእጇ ከልላለች፤ እህቴ ደግሞ በዶሮ ወጥ የራሰ እንቁላል በእንጀራ ጠቅልላ «በሞቴ! በሞቴ ስልሽ! አንዲት ጉርሻ ትገድላለች እንዴ?» እያለች ትታገላታለች።

«አዎ፣ ትገድላለች!» ብዬ ጮህኩ።

«ጋሼን ጠጁ ሞቅ አድርጎታል» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቀ። ጠጅ የሚባል አልቀመስኩም። ይህን ነገር ለዘመዶቼ ስንት ዓመት ለፈለፍኩ! ቢነግሩት የማይሰማ ሰው ሲያናድድ! ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን በጉርምስናዬ እኔ ራሴ ከእነሱ የባስኩ መሆኔ ነው።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ነው፤ አባቴ በታንኳ ዓሣ ያጠምድ ስለነበር ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። ጓደኛዬ ሰይድ ከአምባሰል፣ ከውጫሌ ወዲያ ካለ ገጠር መጥቶ፣ ሐይቅ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይማር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ዘንድ ይውላል። እኛ ክርስቲያን፣ እሱ ሙስሊም፤ ሥጋ አብረን አንበላም። የኖረ ነውና ማንም አይቀየምበትም። ዓሣ ግን ባርኮ የሚያርድ አይፈልግም፤ የክርስቲያን ነው፣ የሙስሊም ነው አይባልም። ስለዚህ ሰይድ ሲመጣ እናቴ ደስ ብሏት የምትሠራው ዓሣ ነበር። እሱ ደግሞ ንክች አያደርገውም።

«እትዬ፣ ወላሂ አይስማማኝም። ልጅ ሆኜ ቀምሼ አፌ አብጦ ነበር።»

«አብሽር ልጄ፣ ስላለመድከው ነው» ትለውና ሽሮ ታቀርብለታለች። ቅር ማለቷ ግን ከፊቷ ይነበባል፤ እኔ ደግሞ እበግናለሁ። ከአንድ ትሪ ልንበላው የምንችለውን ዓሣ እንኳ እምቢ ሲል፣ ቤታችንን የተጸየፈ መሰለኝ።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ዝናቡ አባርቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ጤፉ ማሸት ጀምሯል። በየደጁ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል። እንደዚያ ባለ ደግ ወር ሰው እንዴት ክፉ ያስባል? እናቴ ጎረቤት ደረስ ብላ እስክትመለስ፣ ከዓሣው ድስት ሁለት ጭልፋ መረቅ ቀድቼ ሽሮው ላይ ገለበጥኩና አማሰልኩት። በርበሬው ሽታውን ዋጠው። በልቶ ደህና ሲሆን «ይኸው በላህ!» ብዬ ልስቅበት ነበር። በቃ፣ ሐሳቤ ይኸው ነው።

ገበታው ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ እኔ ጠቀለልኩ።

«ምንድን ነው?» አለ ሰይድ።

«ሽሮ ነዋ!»

ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ከንፈሩን ማከክ ጀመረ። ሳማ እንደነካው ሰው ገላው ተንደበደበ፤ ዓይኑ በእብጠት ተደፈነ፤ ትንፋሹ ሲር ሲር ይል ጀመር። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ታሻለች፤ ሌላው «ቡዳ ነው» ብሎ ጨርቅ ያጨሳል። ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አባቴ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ በቃሬዛ አስወጣው። እስከ ክሊኒኩ ያለው የግማሽ ሰዓት መንገድ አላልቅ አለ። ያገኘን ሁሉ «ምን ሆነ?» እያለ ያስቆመናል። አይ የእኛ ሰው! ሸክሙን ከማገዝ ይልቅ ወሬውን ያስቀድማል።

ክሊኒኩ ስንደርስ ሐኪሙ «ምን በላ?» አለ።

«ማርያምን፣ ከሽሮ በቀር የቀመሰው የለም!» አለች እናቴ።

«ዓሣ? እንቁላል? ንብ ነድፎት ይሆን?»

«ሽሮ ነው ስልህ!»

የሰይድ ከንፈር መጥቆር ጀምሮ ነበር።

«ዓሣ ጨምሬበታለሁ» አልኩ።

እናቴ አልተቆጣችም። ዞራ አየችኝና የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ሐኪሙ መርፌውን ወጋው። ትንሽ ቆይቶ ትንፋሹ ቀለል ሲልለት፣ ሐኪሙ ወደ እኔ መጣ።

«የሰው ሰውነት በሽታ ሲገባበት የሚዋጋለት ጠባቂ አለው» አለኝ። «የዚህ ልጅ ጠባቂ ዓሣን ጠላት ነው ብሎ ይዞታል። ጠላት ገባ ብሎ ሲዋጋ ልጁን ራሱን ያንቀዋል። ልምምድ የሚያስተወው ነገር አይደለም። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ለቀብር ነበር የምትሸከሙት።»

አመሻሽ ላይ ሰይድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ «ለምን?» አለኝ።

«ቤታችንን የናቅክ መስሎኝ።»

«ዓሣ ያለበት ቤት መግባት እየፈራሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምመጣው ለምን ይመስልሃል?»

 

እህቴ ከእሑዱ ሰርግ ወዲህ ተቀይማ ይኸው ስልክ አታነሳም። ትቀየም፤ ቅያሜ ይበርዳል። ሰይድ እንኳ እዚያው አልጋው ላይ ሆኖ «አውፍ» ብሎ ይቅር ብሎኛል። እናቴ ለእሱ ብቻ የሚሆን ድስት ገዝታለት፣ እስክትሞት ድረስ ከእጇ በልቷል። አሁን ሁለታችንም ሸብተናል፤ እሱ ውጫሌ ይነግዳል፣ በዓል ሲሆን እኔ ቤት ይመጣል። ሚስቴ ስታጎርሰው ያለ ሐሳብ አፉን ይከፍትላታል። እኔ ሳጎርሰው ግን በእጁ ይቀበለኝና፣ እንጀራውን ገለጥ አድርጎ አይቶ ይበላል። ተናግሮኝ አያውቅም። እንደሚያደርገውም የሚያውቅ አይመስለኝም። አርባ ዓመት አለፈን፤ አንድም ቀን ሳያይ ጎርሶልኝ አያውቅም።