ለሳሎኔ ስፒከር የመረጥሁበት ሰሞን

ጆሮን ለምስጋና የፈጠረ እግዚአብሔር ስሙ ብሩክ ይሁን። በእርሱ ስም ጀምሬ፣ በአምቦ ከተማ ለቤቴ የመዝሙር ማሰሚያ ዕቃ የመረጥሁበትን ሰሞን ልጻፍ።

ነገሩን የጀመረው ቅናት ነው። ጎረቤቴ እንደ እኔው መሪጌታ ነው፤ ከአንድ መምህር እግር ሥር ድጓ ተምረን፣ አጥር ለአጥር እየኖርን አርጅተናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጁ ከኢንተርኔት መዝሙር የሚያሰማ ስፒከር ሳሎኑ ውስጥ ተከለለት። ከዚያ ወዲህ የጽዋ ማኅበራችን ተራ እርሱ ቤት ሲደርስ ሰው ሳይመሽ አይነሣም፤ እኔ ቤት ሲደርስ ግን ጠበል ጠዲቁን ቀምሶ፣ "እግዜር ይስጥልን" ብሎ ነጠላውን ያጣፋል። ባለቤቴም የእርሱ ቤት መዝሙር ሲጀመር መስኮታችንን ትከፍት ነበር። ነፋስ ፈልጋ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የሚቀጥለው ተራ የእኔ ነበር። ማኅበርተኛው እኔም ቤት እንዲመሽበት ፈለግሁ። ባኮ ከተማ የምታስተምረው ልጄ ለዕረፍት መጥታ ስለ ነበር ይዣት ወደ ሱቅ ወጣሁ።

"አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ የኔታ! ለሠርግ ነው ለቤት?" አለ ባለሱቁ።

"ለቤት። ነገር ግን የጎረቤቴን የሚበልጥ።"

"ኧረ አባዬ!" አለች ልጄ ክንዴን ነክታ።

ባለሱቁ ሳቀና መብራቱ የሚያብለጨልጭ ትልቅ ሞንታርቦ ከፈተ። "እንግዲያ ይኼ ነው፤ አጥር አልፎ ይሰማል!" ደረቴ ተንቀጠቀጠ፤ ልቤ ግን ወደደው። ጎረቤቴ በገዛ ሳሎኑ ተቀምጦ የእኔን ሲያዳምጥ ታየኝ።

ልጄ ከቤታችን ዋይፋይ ጋር የሚገናኝ፣ ስልክ በተደወለ ቁጥር የማይቋረጥ ይሁን አለች። እኔ የማውቀው መመዘኛ ግን የዜማ ቤቱን ነው፤ መምህራችን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ተማሪው ትንፋሹን የት እንደሚወስድ ያዳምጡ ነበር። ማኅሌት እንዲከፍትልኝ ነገርሁትና እኔም ጨፈንሁ። በሞንታርቦው ከበሮው ጸናጽሉን ዋጠው። በትንሿ ክብ ስፒከር ጸናጽሉ ብቻ ቀርቶ ከበሮው ጠፋ። በመጨረሻ ጥንድ የእንጨት ሳጥኖች ተከፈቱ፤ መቋሚያው ወለሉን ሲነካ፣ መሪው ከሐረግ ወደ ሐረግ ሲሻገር ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ።

"ይኼን" አልሁ።

"የኔታ፣ ይኼ እኮ አጥር አያልፍም።"

"አለማለፉ ቆጭቶኛል፤ ቢሆንም እርሱን ጠቅልልልኝ።"

የማኅበሩ ዕለት ልጄ ሳጥኖቹን ግራና ቀኝ አቁማ ስልኳን አገናኘች። ጸሎቱ ደርሶ ጽዋው ከዞረ በኋላ አንዲት ማኅበርተኛ ወደ ጎረቤቴ ጠቆሙ። "ልጃቸው የእርሳቸውን ዜማ ቀድቶ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል አሉ። እስቲ እርሱን አሰሚን፣ የኔ ልጅ።"

ልጄ ፊቴን አየች። እንግዳ ፊት ምን እላለሁ? "ክፈቺላቸው" አልሁ።

ድምፁ ሳሎኔን ሞላው። በአጥር በኩል ስሰማው ተሰውሮብኝ የነበረው ሁሉ ተገለጠ። እኔ ሁለት ጊዜ የምተነፍስበትን ረጅም ሐረግ እርሱ በአንድ ትንፋሽ ይዘልቀዋል። ባለቤቴ ማድጋውን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች። መሸ፤ ነጠላውን ያጣፋ አልነበረም። የተመኘሁትን አገኘሁ፤ እንደ ሬት መረረኝ።

ጎረቤቴ አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጥ ቆየና፣ "እኔ ቤት እንዲህ አይሰማም። አንተ ጆሮ አለህ፤ ነገ ሄደን ምረጥልኝ" አለኝ።

"ነገ ጾም ነው።"

"ስፒከር የፍስክ ነው እንዴ?" አለ፤ ማኅበርተኛው በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ አብረን ሄድን። ከበሮው የጠፋባትን ክቧን ስፒከር ልጠቁመው እጄ ተነሥቶ ነበር። ባለሱቁ በእርሷ የጎረቤቴን ዜማ ሲከፍት ግን ያ ረጅም ሐረግ ሲሰባበር ጆሮዬ አልታገሠም። "ተዋት፤ ትንፋሽህን ትበላዋለች" አልሁትና እንደ እኔው ያሉትን ሳጥኖች አስጠቀለልሁለት። ተሸክመን ስንመለስ እርሱ እያመሰገነኝ ነበር። ቅናቱ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ቤታችሁን ከምስጋና ድምፅ አያጉድለው፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፤ ጎረቤታችሁንም ይባርክላችሁ። አሜን።