ቀድሞ የሄደው አንድ እግር ጫማ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሰበታ። ታናሽ እህቴ ብርቄ ከሱሉልታ ደወለች። "ነገ ጠዋት ክለቡ ሯጮች ይመርጣል። ጫማዬ ቡራዩ ለጥገና እንደተሰጠ ነው። አምጪልኝ በናትሽ፣ የምሮጥበት ሌላ የለኝም።" ጭጋጉ ከአስፋልቱ ሳይነሳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ቡራዩ፣ ረፋድ። ብሎኬት፣ የበር ብየዳ፣ መንገድ ዳር የተቆለለ የሶፋ ስፖንጅ። ጫማ ሠሪው ኦቦ ቶሎሳ አንድ እግር ጫማ ብቻ አቀበሉኝ።

"አካም ቡልቴ፣ ልጄ? የዚህ ማስቲሽ ገና አልደረቀም።"

"ሌላኛውን የት አደረሱት፣ ኦቦ?"

"እሱማ አለቀ! እንዳይዘገይባችሁ ብዬ ወደ ሱሉልታ ለሚሄድ ሹፌር ሰጠሁት። ቁጥሩ ይኸውልሽ።"

እዚህ አካባቢ ዕቃ በሹፌር መላክ የተለመደ ነው። ግማሽ ጥንድ ሲላክ ግን አላየሁም። ለመናገር አፈርኩና አመስግኜ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ማስቲሹን ነፋስ እንዲያደርቀው ጫማውን በመስኮት አውጥቼ ያዝኩ።

"እህት፣ ሯጭሽ ባለ አንድ እግር ናት እንዴ?" አለ ረዳቱ፣ የእህቴ የሩጫ ጫማ መሆኑን ስነግረው። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ፊቴ ጋለ።

ወደ ውጭ እያየሁ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያነበብኩትን አሰብኩ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ መሐንዲሶች ፖስታውን ከፈረስ ጋሪ አውርደው ባቡር ላይ ጫኑት። ሠራተኞች ደብዳቤውን እየተጓዙ ይለያሉ። ባቡሩም በየጣቢያው አይቆምም፤ ከሐዲዱ ዳር የተሰቀለውን ከረጢት ከጎኑ በተዘረጋ መረብ እየሮጠ ይቀልበዋል፣ የሚወርደውንም መሬት ላይ የተተከለ መረብ ይቀበለዋል። ማታ የተጻፈ ደብዳቤ ጠዋት ሩቅ ከተማ ይነጋለታል። የእንጦጦ ባሕር ዛፎች ወደ ኋላ ሲፈሱ በየግንዱ ከረጢት የተንጠለጠለ መሰለኝ።

ሱሉልታ፣ ከሰዓት። ብርቄ መንገድ ዳር ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ሹፌሩ ጋ ስደውል፣ የሚቀበለው ሰው ስላጣ ጫማውን ይዞ ሱሉልታን አልፎ ጫንጮ ደርሷል።

"እየተመለስኩ ነው። እዚያ ጋ ግን ትራፊክ አያስቆመኝም። ተዘጋጂ!"

ሚኒባሱ ብቅ አለ፤ ቀዝቀዝ አለ እንጂ አልቆመም። ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ ጫማውን ያወዛውዛል። ነጠላዬን በሁለት እጄ ዘርግቼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ከጎኑ ሮጥኩ። ጫማው መሐሉ ላይ ዱብ አለ።

"እንዲህ ነው በረኛ!" ሲል ሰማሁት፣ እየራቀ።

በማግስቱ ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። የብርቄን ጃኬት ተቀብዬ ከመነሻው ዳር ቆምኩ። ሁለቱንም ጫማ አጥብቃ አስራ ከሯጮቹ ጋር ጭጋጉ ውስጥ ስትገባ፣ ጃኬቱ እጄ ላይ ገና ይሞቅ ነበር።