ትንፋሽ የለውም

ካርቱም ኖሬ እንደመጣሁ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ስለ ጥይቱ እንዳወራለት ይጠብቃል። ጥይቱንም አይቻለሁ፤ እንደ ሰው ሁሉ ፈርቼ፣ እንደ ሰው ሁሉ ሮጬ ወጥቻለሁ። ከውስጤ አልወጣ ያለኝ ግን ጦርነቱ ሊጀመር አንድ ክረምት ሲቀረው፣ ገና ሰላም ሳለ የደረሰብኝ ነው።

ያኔ አል-ጣኢፍ በሚባል የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር፤ ቤታችን ከከተማዋ ዳር፣ ሶባ ነው። ባለቤቴ ሰዒድ የሰው መኪና ይነዳል። በዚያ ሰሞን ግን የራሱን አሮጌ አምጃድ ሊገዛ ተስማምቶ፣ ከመግዛቱ በፊት ሞተሯን ሊያስመረምር ነበር። አምጃድ ካርቱም ውስጥ ታክሲ የምትሠራ ትንሽ ቫን ናት።

በመሃል ልጃችን ያሲን ታመመብን። ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ደረቱን ይዞት ሲያስል ይውላል፣ ሲያቃስት ያድራል። ሐኪሙ ሽሮፕ ሰጥቶን፣ «ትንፋሹን ተከታተሉ፤ ካጠረው ቶሎ አምጡት» ብሎናል።

የዚያን ቀን ማዳም እንግዳ ስለነበረባት መቅረት አልቻልኩም። ሰዒድ ከልጁ ጋር እንዲውል ተስማማን። ስወጣ በር ላይ ቆሜ «ትንፋሹን አደራ» አልኩት። «ሰምቻለሁ፣ አንቺ ሴትዮ፤ ሂጂ» አለኝ።

ቀትር ላይ ልብስ እየተኮስኩ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ግን ሰዒድ ሳይሆን ጓደኛው ኢድሪስ ነው። ኢድሪስ መካኒክ ነው። እናት አባቱ የወሎ ሰዎች ቢሆኑም እሱ ካርቱም ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። እኔን ራሴን «መጣህ?» ይለኛል፤ እንስቅበታለን። የዚያን ቀን ግን የሰዒድን ስልክ እሱ ሲያነሳው፣ ቤት ውስጥ ሰው የተሰበሰበው ለምንድን ነው ብዬ አሰብኩ።

«እንዴት ሆነ?» አልኩት።

«ትንፋሽ የለውም» አለኝ፣ ረጋ ብሎ። «አልሐምዱሊላህ። ኸላስ፣ ጨርሰናል።»

እኛ ሰው ሲሞትም አልሐምዱሊላህ እንላለን። ድምፁ ረጋ ማለቱ ራሱ የመርዶ ነጋሪ ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ። ለምን ደግመሽ አልጠየቅሽም የሚሉኝ አሉ። ልጅሽ ሞተ የተባለች እናት ምን ብላ ነው የምትደግመው? ስልኩን ዘጋሁት።

ማዳም ጩኸቴን ሰምታ «ማሊክ? ማሊክ?»፣ ምን ሆነሻል፣ እያለች መጣች። ልጄ ሞተ አልኳት። የምትከናነበውን የራሷን ቶብ አልብሳኝ፣ እሷም እያለቀሰች እስከ መንገድ ሸኘችኝ።

ከአል-ጣኢፍ ሶባ ሩቅ ነው። ሐፍላ በሚሉት አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ምን ሆነሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከዚያ ተሳፋሪው በሙሉ፣ ሹፌሩ ሳይቀር፣ «አልበረካ ፊኩም» አለኝ። ሱዳኖች ለቅሶ ላይ የሚሉት ማጽናኛ ነው። እኔም እንደ ወጉ መለስኩ። በዚያ መንገድ ላይ የት እንደሚቀበር አሰብኩ። የሚገነዝበት ነጭ ጨርቅ ከየት እንደሚመጣ አሰብኩ። አገር ቤት ላለችው እናቴ ማን እንደሚነግራት አሰብኩ። ሶባ ከመድረሴ በፊት ልጄን በልቤ ቀብሬ ጨርሼ ነበር።

ግቢው በር ላይ ለቀስተኛ የለም። ሰዒድና ኢድሪስ እጃቸው በዘይት ጠቁሮ፣ ከአንዲት አሮጌ አምጃድ አጠገብ ቆመው ይሳሳቃሉ። 

«የት አደረጋችሁት?» አልኩ።

«ምኑን?» አለ ሰዒድ።

«ልጄን።»

«ተኝቷል። ምነው፣ ሥራ የለሽም እንዴ?»

እሱንም አላመንኩትም። ለእኔ እንዳይከብደኝ ብሎ የሚደብቀኝ መስሎኝ ነበር። ወዲያው ከውስጥ የያሲን ሳል ተሰማ። ሳምንቱን ሙሉ ምነው በቆመ እያልኩ ስለምን የነበረው ያ ሳል ነው። ከዚያ ወዲህም ከዚያ በፊትም እንደዚያ የጣፈጠኝ ድምፅ የለም። ሮጬ ገብቼ አቀፍኩት፤ እሱ ግን ከእንቅልፉ ስለቀሰቀስኩት ተቆጣኝ።

ነገሩ የገባን ቆይቶ ነው። ሰዒድ ልጁን ጥሎ ጋራዥ መሄድ ስላልቻለ መኪናዋን ቤት አምጥቶ ኢድሪስን ጠርቶታል። ኢድሪስ ካንዴላዎቹን ፈትቶ፣ መለኪያውን በየቀዳዳው እያሰረ፣ ሰዒድ ቁልፉን እያዞረለት የሦስቱንም ሲሊንደር ኮምፕረሽን ለካ። ሞተር ሲደክም ፒስተኑ የሚጨምቀው አየር ይሾልክና በዘይት መሙያው በኩል ጭስ ይገፋል። መካኒኮች ይህን «ትንፋሽ» ይሉታል። ትንፋሽ የለውም ማለት ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ስለ መኪናዋ የጠየቅኩት መስሎት ኢድሪስ የነገረኝ ምሥራች ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «ትንፋሽ የላትም» ይለኝና መኪናዋን መሆኑ ይገባኝ ነበር።

ኢድሪስ ነገሩ ሲገለጥለት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «ወላሂ፣ ልጁ መታመሙን አልሰማሁም» አለ። ከዚያ ወዲህ እኔን በአማርኛ ማናገር ፈራ። ብለምነውም በአረብኛ ብቻ ሆነ የሚያወራኝ።

ጦርነቱ ሲመጣ በዚያችው አምጃድ ወጣን። ኢድሪስ ግን እናቱ ቤቴን ጥዬ አልወጣም ስላለች አብሯት ቀረ። ስልኩ አይሠራም።

አገር ከገባን በኋላ ኢድሪስ ሞተ የሚል ወሬ መጣ። ከሰው ወደ ሰው ሲቀባበል የደረሰ ወሬ ነው። ሰዒድ ለቅሶ እንቀመጥ አለ። «ማን አየው? ማን ቀበረው?» አልኩት። «ሁሉም እያለው እኮ ነው» አለኝ። ሁሉም ይበል። ለያሲንም አንድ ሐፍላ ሙሉ ሰው አጽናንቶኛል።

ሰዒድ ከጓደኞቹ ጋር ለቅሶ ተቀመጠ፤ እኔ አልተቀመጥኩም። እልኸኛ ነሽ ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። አሁንም የኢድሪስ ስም ሲነሳ ሰዒድ «አላህ ይዘንለት» ይላል። እኔ «አላህ ይጠብቀው» እላለሁ።