ከፊት፣ ከኋላ፣ ጫማዋንም

«ሰው ፎቶ ለምን ያነሳል?» የሚል የትምህርት ቤት ቪዲዮ ልንሠራ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ አውቶብስ መናኸሪያ ካሜራችንን ይዘን ቆመናል። አንዲት ሴትዮ ልጇን ትሸኛለች። የልጅቷ ካፖርት አዲስ ነው፤ የእናትየዋ ግን ቁልፉ ተበጥሶ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። አውቶብሱ ሞተሩን አስነስቷል። ሴትዮዋ ልጅቷን በስልኳ ከፊት ፎቶ አነሳቻት፤ አዙራ ከኋላ አነሳቻት፤ ከዚያ በረዶው ላይ ተንበርክካ ጫማዋን አነሳች።

«እማ፣ በቃ! ሰው እያየን እኮ ነው።»

«ይየና። ቀጥ በይ።»

ልጅቷ ተሳፍራ አውቶብሱ ከዓይን እስኪሰወር ሴትዮዋ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። የክፍል ጓደኛዬ ጆስሊን ማይኩን ይዛ ጠጋ አለቻት።

«እናቴ፣ ፎቶ ለምን ያነሳሉ?»

«መጀመሪያ እሱን አጥፊው።»

ጆስሊን አጠፋችው።

«መልኳንማ መቼም አልረሳው» አለች ሴትዮዋ፣ ስልኳን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ። «ታላቅ እህቷ የጠፋች ጊዜ ፖሊሶቹ ‹ምን ጫማ አድርጋ ነበር?› ሲሉኝ ነው መልስ ያጣሁት።»

ከዚያ ጆስሊንን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«አንቺስ? ከዚህ ብቻሽን ነው የምትሄጂው?»

«አዎ።»

«እስቲ ቀጥ በይ» ብላ በረዶው ላይ ተንበረከከች።