በመቃ ጫፍ የተንጠለጠለች ጠብታ

በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ፣ ከመርፌ ጫፍ በተንጠለጠለች የውኃ ጠብታ ለዓይን የማትታይ ቅንጣት አነሳለሁ። ያን ጊዜ ልጅነቴ ይመጣብኛል።

መካነ ሰላም፣ አውድማ ላይ፣ የገብስ ብናኝ ግራ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ብራና ጸሐፊው አያቴ የመቃ ብዕራቸውን አጥበው፣ ጫፉ ላይ ውኃ አንጠልጥለው መጡ። ከቀለማቸው ጉድፍ የሚያወጡት እንዲህ ነበር።

«አባባ፣ ሊወጋኝ ነው!»

«ውኃዋ እንጂ መቃው አይነካሽም። ፍየሏ እንኳ ለብራና ስትታረድ እንዳንቺ አልጮኸችም! በይ ዓይንሽን ግለጪ።»

ሹሉ ጫፍ እየቀረበ ሰማዩን ሁሉ ሸፈነብኝ። ጠብታዋ ዓይኔን ቀዝቀዝ አደረገችው፤ ብናኙም ተጣብቆባት ወጣ።

አያቴ የግንባራቸውን ላብ ጠረጉ።

«ተመስገን! እጄ ይከዳኛል ብዬ እኔም ፈርቼ ነበር» አሉኝ።

ማልቀስ የጀመርኩት ያኔ ነው። ዛሬም ጠብታዋ ወደ ቅንጣቷ ስትቀርብ ግራ ዓይኔ ብቻውን ይጨፈናል።